በየማረፊያው ቢጫ ጃንጥላ

ያለፈው ሳምንት መጽሔት እጁ ላልገባ፣ ወይም ገብቶ ጎረቤት ተውሶ ላልመለሰለት ሰው፣ እዚህ የደረስነው እንዲህ ነው። አንድ አንገተ ረጅም ልጅ አለ። የቢሮው ሰዎች «ሰጎን» ይሉታል፤ ቀኑን ሙሉ አንገቱን ኮምፒውተር ውስጥ ቀብሮ ስለሚውል። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ወዲያ አልተማረም። የቤት ንድፍ የሚሠራበትን ሶፍትዌር ሰው ሲሠራ ከጀርባ ቆሞ እያየ ለመደው፤ አሁን በአርክቴክቱ ቢሮ የደረጃ ነገር ሁሉ ለእሱ ይጣልለታል። ሌሎቹ ግድግዳና ጣሪያ ይሠራሉ። ደረጃ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ትዕግሥት ደግሞ ማታ የሚጠብቀው ሰው የሌለው ሰው ሀብት ነው።

አንዲት ልጅም አለች። አባቷ ከአንድ ምድጃ ተነስቶ ግማሽ ከተማውን ዳቦ የሚያበላ ሰው ነው። አሁን ፎቅ ቤት ልሥራ ብሎ ተነስቷል፤ የአባቷን ሐሳብ ወደ ቢሮው የምታመላልሰው እሷ ነች። ዝናብ ኖረም አልኖረም፣ ቢጫ ጃንጥላዋን ሳትይዝ መጥታ አታውቅም።

ባለፈው የተለያየነው እናትየዋ ቢሮው ኮሪደር ላይ ቆማ በስልክ «ለዶክተሩ ሰጥተነዋል፤ ልጅቷም ደስ ብሏታል» ስትል ሰጎን በሰማ ጊዜ ነበር። ዶክተሩ የጥርስ ሐኪም ነው። አላገባም። መኪና አለው። ሰጎን የቀረውን ወሬ ቆሞ አልሰማም፤ ወደ ወንበሩ እየተመለሰ ራሱ ጨረሰው። ወንበሩ ላይ ሲደርስ ልጅቷና ዶክተሩ ልጆች ሁሉ ወልደው ነበር።

ተቀምጦ ደረጃውን ከፈተ።

ደረጃው ከምድር ቤት ተነስቶ መሐል ላይ ማረፊያ አለው፤ እዚያ ዞሮ ፊቱን ወደ መጣበት መልሶ ላይኛው ፎቅ ይደርሳል። ሲታይ ቀላል ነው። ግን ማረፊያውን ጣት በምታህል ብታሰፋው የታችኛው ጎን ያጥራል፣ የላይኛው ሽቅብ ይቆማል፣ መደገፊያው አየር ላይ ይንጠለጠላል፤ ሁሉንም እንደገና ማስታረቅ ነው። ማረፊያው ደግሞ ስንት ጊዜ ተለውጧል።

«አባዬ ማረፊያው ይስፋ ብሏል» ብላ መጣች አንድ ቀን።

ሰፋ።

«አባዬ ማረፊያው ላይ መስኮት ይኑር ብሏል።»

መስኮት ወጣለት።

«መስኮቱ ሥር መቀመጫ። አባዬ ነው ያለው።»

ከዚያም መደገፊያው ለእጅ ይለስልስ ተባለ። ሰጎን ጆሮው ቀልቶ «ኮምፒውተር ላይ እኮ ልስላሴ አይታይም» አላት።

«ቢሆንም፣ ነገ መጥቼ አየዋለሁ።»

አርክቴክቱ ይህን ሲሰማ ራሱን ይነቀንቃል። «ይሄ ሰውዬ ሊጡንም እንዲህ ነው የሚያሸው? ዳቦው መቼ ይደርሳል ታዲያ?»

ጉዳችን የጀመረው ግን ራሱ አርክቴክቱ ባዘዘው ነገር ነው። «በደረጃው የሚያልፍ ሰው ራሱን ከላይኛው ደረጃ ጋር እንዳያጋጭ፣ ሰው አቁምና ቁመቱን አረጋግጥ» አለው። ሶፍትዌሩ ለዚህ የሚያውሳቸው ሰዎች አሉት፤ ቦርሳ ያንጠለጠለ፣ ውሻ የሚጎትት፣ ስልክ የሚያወራ። ሰጎንን አንዳቸውም ደስ አላሉትም። የራሱን ሰው ሠራ። ማረፊያው ላይ ቢጫ ጃንጥላ የዘረጋች ልጅ አቆመ። ጃንጥላ የያዘ ሰው ካለፈ ማንም ያልፋል ብሎ ነው፤ ቢጠየቅ ይህን ሊመልስ ተዘጋጅቷል። ከእሷ ጥቂት ደረጃ ዝቅ አድርጎ ደግሞ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣ አንገቱ የረዘመ ሰው አቆመ፤ ቀና ብሎ ያያታል። ለዚህኛው መልስ አላዘጋጀም።

ሁለቱን ከደረጃው ጋር በአንድ ግሩፕ አሠራቸው። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ወዴትም ቢሄድ አብረው ይሄዳሉ። ማረፊያው በሰፋ ቁጥር እሷ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች፤ እሱ እዚያው ነው።

አሁን ግን «ለዶክተሩ ሰጥተነዋል» የሚለው ድምፅ ጆሮው ውስጥ ገብቶ በር ዘግቷል። ልሰርዛት ብሎ ጣቱን ማጥፊያው ላይ አስቀመጠ። ጣቱ እምቢ አለው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ሌየር የሚባል አለ፤ እንደ መጋረጃ ነው፤ ስትዘጋው ከጀርባው ያለው አይታይም፣ ግን አለ። ሰዎቹ ያሉበትን ሌየር አጠፋው።

ደረጃው ባዶውን ቀረ። ባዶ ደረጃ እንዲህ እንደሚያስከፋ ከዚያ ቀን በፊት አያውቅም ነበር።

*

በማግሥቱ መጣች። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ጃንጥላዋ እጇ ላይ ነው።

«ደህና ዋልክ?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ ደህና ነዎት?»

ቀጥ አለች። «አንቺ» ለማለት ሁለት ወር የፈጀበት ሰው፣ በአንድ ሌሊት ወደ «እርስዎ» ተመልሷል።

«እርስዎ? ማን ሞተብህ?»

«ማንም። አባትዎ ምን አዘዙ?»

አመጣጧ የመደገፊያውን ጫፍ ክብ ለማስደረግ ነበር። አሁን ጫፉም መደገፊያውም ጠፋባት። ስክሪኑን አየች። እስካሁን መስኮቱንና መደገፊያውን ብቻ እያቀረበ ስላሳያት፣ ማረፊያው ላይ ማን ቆሞ እንደነበር አታውቅም፤ ምን እንደጎደለም አልገባትም፤ የሆነ ነገር ግን ጎድሏል።

«ላይኛው ፎቅ…» ብላ ጀመረች።

«ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።»

ደነገጠች። ላይኛውን ፎቅ አባቷ ለእሷ ብሎላታል። መስኮቱንም መቀመጫውንም ያሰበችው፣ አንድ ቀን ከአንድ ሰው ጋር ትወጣዋለች ብላ ነው። ያ ሰው ታዲያ ይህን አውቆ ኖሯል ማለት ነው።

«ታውቃለህ?» አለች ቀስ ብላ። «እና ምን ትላለህ?»

«እኔ ምን አገባኝ። ደስታው የእርስዎ ነው።»

«ምን አገባኝ?»

«እኔ ደረጃ ሠሪ ነኝ። ማን እንደሚወጣበት አልጠየቅም።»

ዓይኗ ዓይኑን ፈለገ። ዓይኑ የኪቦርዱን ፊደሎች እየቆጠረ ነበር። ዞረች። ንዴት ጊዜ ስለማይሰጥ ጃንጥላውን በሩን ሳታልፍ ዘረጋችው፤ በሩ ላይ ተቀረቀረ። ጎተተች፣ ገፋች፣ አጥፋ እንድታልፍ ክብሯ አልፈቀደላትም። ሰጎን ሊረዳት ከወንበሩ ተነሳ።

«አትምጣብኝ» አለችው ሳትዞር።

ጃንጥላው እንደ ምንም ሾለከ። እሱ ግማሽ ተነስቶ፣ ግማሽ ተቀምጦ ቀረ። እንዲያ ሆኖ መቆየት ወገብ ያማል፤ እሱን ግን የሚያመው ሌላ ቦታ ነበር።

*

የቤቱ ሞዴል ለቤተሰቡ የሚታይበት ቀን ጠዋት፣ አባትየው ደወለ። ቤቱ ምድርና አንድ ፎቅ እንዲሆን ነበር የተስማሙት።

«ጎረቤቴ ሦስት ፎቅ ጀምሯል» አለ ለአርክቴክቱ። «የእኔን አራት አድርገው።»

«መቼ ይድረስ?»

«መንገድ ላይ ነኝ።»

አርክቴክቱ ስልኩን ዘግቶ ሰጎን ላይ ጮኸ። ሰጎን አልደነገጠም። ለካ የልብ ስብራት ለሥራ ጥሩ ነው። ወለሎቹን ደራረበ፤ ከዚያ ያንን አንድ ደረጃ መርጦ፣ እስከ ላይ በየፎቁ ድገመው ብሎ አዘዘው። ሶፍትዌሩ ታዛዥ ነው፤ ደረጃውን ከነግሩፑ አንስቶ አንዱን ባንዱ ላይ ደረበው። ሌየሩ ጠፍቶ ስለነበር ሰጎን ያየው ደረጃ ብቻ ነው። አማረ። እሷና ዶክተሩ ይውጡበት ብሎ በልቡ መረቀው፤ ምርቃቱ ትንሽ ጥርስ ነበረው።

ቤተሰቡ ገባ። አባት በጉልበቱ እያነከሰ፣ ማነከሱን ግን በኩራት አካሄድ እየሸፈነ። እናት ቦርሳዋን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ። ልጅት ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ፣ ጃንጥላዋ እጇ ላይ። ከኋላ የጥርስ ሐኪሙ፤ ሰላም ሲል ፊት አያይም፣ አፍ ነው የሚያየው።

ፕሮጀክተሩ በራ። አርክቴክቱ አንድ አመል አለው፤ ደንበኛ ፊት ሲቆም ያለውን ሁሉ ማሳየት ይወዳል። «ሁሉንም ሌየር ላብራው፤ ሙሉ ነገር ይዩ» አለና አበራው።

ሰጎን «ጋሼ…» አለ። ድምፁ ጉሮሮው ረጅም ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ ሳይወጣ ዘገየ።

ምስሉ ከምድር ቤት ተነስቶ እንደሚራመድ ሰው ደረጃውን መውጣት ጀመረ። ማረፊያው ላይ አንዲት ልጅ፣ ቤት ውስጥ፣ ቢጫ ጃንጥላ ዘርግታ ቆማለች።

«ጣሪያው ያፈሳል እንዴ?» አለች እናት።

«ኧረ እሷ የቁመት መለኪያ ናት» አለ አርክቴክቱ። እሱም ገና ማየቱ ነው።

ወደሚቀጥለው ፎቅ ወጡ። ቢጫ ጃንጥላ።

«እዚህም ያፈሳል።»

ወደ ሦስተኛው ወጡ። ቢጫ ጃንጥላ። አባትየው መነጽሩን አደረገ። «ቆይ፣ ቆይ። ይሄ ከታች ያለው ሰውዬ ማን ነው? ከምድር ቤት ጀምሮ እየተከተለን ነው።»

አራተኛው ላይም ጠበቃቸው። እርሳሱ ጆሮው ላይ፣ አንገቱ ወደ ላይ።

የጥርስ ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ አጠናው። «ይሄን አንገት የሆነ ቦታ አይቼዋለሁ።»

ሁሉም ዞሩ። ሰጎን አንገቱን ኮሌታው ውስጥ ለመክተት ሲታገል ኤሊ ሆኖ ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ እሱ ግን ይህንን ለመፍራት እንኳ ጊዜ አላገኘም። እናትየዋ መጀመሪያ እሱን፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለችውን ልጅ፣ ከዚያ ልጇ ጭን ላይ ያለውን ጃንጥላ አየች።

ልጅት ግን ማንንም አላየችም። ግድግዳውን ብቻ። ያ «ምን አገባኝ» ያላት ሰው፣ በአራት ፎቅ ቆሞ ሲያያት ነበር።

*

አባትየው ነገር ሲከብደው ወደ ሥራ ይሸሻል። «ደረጃውን እንይ» አለ። «ይሄ መስኮት ከየት መጣ? መቀመጫውስ?»

«እርስዎ ያዘዙት ነዋ» አለ አርክቴክቱ።

«እኔ?»

«ማረፊያው ይስፋ ብለዋል። መስኮት ብለዋል። መቀመጫ፣ ለስላሳ መደገፊያ… ልጅዎ ናት እየመጣች የነገረችን።»

አባት ወደ ልጁ ዞረ። «መቼ ነው ያልኩት?»

«አላልክም አባዬ።»

«ታዲያ?»

«ሰበብ ካልያዝኩ መምጣት አልችልም ነበር።»

«ወዴት ለመምጣት?»

«ወደዚህ» አለች። ጣቷ ወደ ቢሮው ጠቆመ፤ ዓይኗ ግን ቢሮ የሚያህል ነገር አላየም፣ የሚያየው አንድ አንገት ነው።

እናት ቦርሳዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ዶክተሩ እዚህ ተቀምጦ?»

ሰጎን በሕይወቱ ሰው በተሰበሰበበት ያልተናገረውን ተናገረ። «እትዬ፣ ለዶክተሩ ሰጥተነዋል ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ልጅቷም ደስ ብሏታል ብለዋል።»

«ምድር ቤቱን ነዋ። ለክሊኒክ ተከራይቶታል። የምናውቀው ሰው ገባ ብላ ደስ አላት፤ ይሄ ምን ያስገርማል?» ካለች በኋላ ትንሽ አሰበች። ሐቀኛ ሴት ናት። «ታች ከገባ፣ ቀስ እያለ ወደ ላይ ይመጣል ብዬ ግን አስቤ ነበር። ልዋሽ አልችልም።»

የጥርስ ሐኪሙ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ እኔ ምድር ቤቱ ይበቃኛል። ደረጃ አልወድም።» ቀጥሎም ሰጎንን አየው። «አንተ፣ ሲጨንቅህ ጥርስህን ታፋጫለህ። ብቅ በልና አይልሃለሁ።»

ልጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ከዚያ ሳቁ መሐል ላይ ተሰበረ። «ለዚህ ነው? ለዚህ ብለህ ነው እርስዎ ያልከኝ?»

«ለዚህ ነው።»

«መጠየቅ አትችልም ነበር?»

«መልሱን ፈራሁ።»

አባትየው ጠረጴዛውን በጣቱ መታ መታ አደረገ።

«አንተ ልጅ፣ እስከ ስንት ተማርክ?»

«እስከ አሥራ ሁለት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ደረጃ።»

«እኔ እስከ አራት ነኝ። ከዚያ ዳቦ።» ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። ወደ ልጁ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መቀመጫውን አላልኩም። ልለው ግን ፈልጌ ነበር። አረጀ እንዳይሉኝ ብዬ ነው የተውኩት። አንቺ ማን ነገረሽ?»

«ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ትቆምና ስልክ ታወራለህ አባዬ።»

«እና?»

«ስልኩ አይጠራም እኮ።»

አባትየው ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰው ዓይኑን የሚጠርግበት ሌላ አቅጣጫ በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ሲመለስ ድምፁን እንደ ቀድሞው አጎረነነ።

«አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ይሄ ሰውዬ አራት ፎቅ ሙሉ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ይቀራል። እግሩን ያመዋል? ለምን ወደ እሷ አይወጣም?»

ሰጎን ግድግዳው ላይ ያለውን ራሱን አየ።

«ከወጣ…» አለ፣ «ከወጣ ማረፊያው እንዳይጠባት ብሎ ነው።»

ልጅት ከወንበሯ ተነሳች።

«ማረፊያውን ታዲያ» አለችው፣ «ያን ሁሉ ያሰፋሁት ለማን መሰለህ?»

አርክቴክቱ እንኳ፣ እንደገና የተሠራውን ደረጃ ሁሉ አስታውሶ፣ ይቅር አላቸው።

*

እሷ መልስ አልጠበቀችም። ኮምፒውተሩ ጋ ሄዳ ማውሱን ያዘች። አንገተ ረጅሙን ሰውዬ ነክታ ወደ ላይ ጎተተችው። ከደረጃው ጋር አንድ ግሩፕ መሆኑን ከየት ትወቅ? ደረጃው በሙሉ ከቤቱ ተነቅሎ፣ ሁለቱን ተሸክሞ፣ በጣሪያው አልፎ ወደ ሰማይ ሄደ።

«ቤቱ ፈረሰ» አለች እናት።

«አልፈረሰም እትዬ፣ ይመለሳል» አለ ሰጎን። ከጎኗ ተቀመጠ። «እሱን ብቻውን ማንቀሳቀስ አይቻልም። መጀመሪያ ግሩፑን ከፍቶ መግባት ነው።»

«ክፈተው ታዲያ።»

«ማውሱን ልቀቂልኝ።»

«አለቅም።»

ስለዚህ እጁን እጇ ላይ አደረገ። ደረጃው ወደ ቦታው ተመለሰ። ግሩፑ ተከፈተ። እጃቸው ሰውዬውን ያዘ። ወደ ላይ ገፉት፤ አንድ ደረጃ፣ ሌላ ደረጃ፣ ከዚያ ማረፊያው። ከመስኮቱ ሥር፣ ከቢጫው ጃንጥላ አጠገብ ቆመ።

የተደገሙ ደረጃዎች አንድ ጠባይ አላቸው፤ አንዱን ስትነካ ሁሉም ይነካሉ። ግድግዳው ላይ፣ በአራቱም ፎቅ፣ አራት አንገተ ረጅሞች እኩል ተነስተው ማረፊያቸው ላይ ደረሱ።

አባትየው አንድ በአንድ ቆጠራቸው።

«አንድ ልጅ ነች ያለችኝ» አለ በመጨረሻ። «አራት አማች ይዛብኝ መጣች።»

እናት የሳቋን ያህል ተቆጣች። «ጃንጥላው ግን ይታጠፍ። ቤት ውስጥ ነን።»

«አንተ» አለ አባት ሲነሳ፣ «እሁድ ቤት ናና እንነጋገር። እሺ አላልኩም። እምቢም አላልኩም። አሁን ያለንበት ቤት ደረጃ የለውም፤ መሐል ላይ የምትቆምበት ሰበብ አታገኝም።»

ቤተሰቡ ወደ መኪናው ሲሄድ ልጅት በሩ ላይ ቀረች። ሰማዩ ላይ የደመና ዘር የለም። ጃንጥላዋን ዘረጋች፤ ዛሬ በሩን ካለፈች በኋላ ነው።

«ይሄን ለምንድነው ሁልጊዜ የምትይዢው?» አላት። «ፀሐይ ትፈሪያለሽ እያልኩ ነበር።»

«መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ይዘንብ ነበር። በሩን ከፈትክልኝና፣ ጃንጥላው ያምርብዎታል አልከኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ደረጃ ካልሆነ አንድ ቃል አልወጣህም።» ትከሻዋን ሰበቀች። «ያቺኑ ይዤ ተመላለስኩ።»

ሰጎን ያን ቀን አስታወሰ። ቃሉን ግን አላስታወሰም። እንዲህ ያለ ድፍረት ከእሱ አፍ ወጥቶ፣ እሱ ሳያውቀው በፀሐይ ሲመላለስ መክረሙ ገረመው። ወደ እሷ አንድ እርምጃ ሄደ። ጃንጥላው ሥር ሊገባ ሲል የጃንጥላው ጠርዝ ግንባሩን መታው።

«ቁመቱን አላረጋገጥክም እንዴ?» አለችው።

አላረጋገጠም። ጎንበስ አለና ገባ፤ ውስጡ ሁሉ ቢጫ ነበር፣ ፊቷም ጭምር። ያ ዕድሜውን ሙሉ ያፈረበት አንገት፣ ለዚህች ጉንበሳ ሲባል የተሰጠው መሰለው።